ስለሚተነፍሰው ከሰላችንና ስለ ጣራው ምሰሶ

ለክቡር የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር
መጋረጃው ሁልጊዜ ለሚዘጋው ሰፊ ቢሯቸው

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በጸሐፊዎ በኩል እጅዎ ሲገባ፣ ወይም እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ በዋናው በር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲያነቡት፣ ጤናዎ በኮሪደሩ እንደተሰቀለው ፎቶግራፍዎ ያማረ፣ የደም ግፊትዎ እንደ መክፈቻ ንግግርዎ የረጋ፣ እንቅልፍዎም ክፉ ደጉን እንደማያውቅ ሕፃን እንቅልፍ የጠለቀ ሆኖ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ለመጪው የሐውልት ምረቃ ሲባል በቅርቡ እንደገና በተነሳነው በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ትከሻውን አቅፈው የያዙት ሰው እኔ ነኝ። እርስዎ ፊትዎን ወደ ካሜራው ሲያዞሩ እኔ ወደ ጫማዬ የማየው ለምን እንደሆነ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ስላልተገኘ፣ ሳልጠየቅ ለመናገር ተነስቻለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና፣ እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ነገር የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ከሥሩ ባስረዳ ይቅርታ እንደሚያደርጉልኝ አምናለሁ። እኔ የምሠራው በተቋሙ የመጨረሻ ፎቅ፣ የካርቦን ሞለኪውሎች የብርሃን ኬሚስትሪ ክፍል በሚባለው ቤተ ሙከራ ነው። የካርቦን አቶሞች ተያይዘው እንደ ኳስ የተጠቀለሉበት አንድ ሞለኪውል አለ፤ በፈሳሽ ሲሟሟ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል፤ ብርሃን ሲያገኝ ይውጥና በዓይን የማይታይ ደካማ ፍካት መልሶ ይሰጣል። ያንን ፍካት መሣሪያ ይለካዋል፣ በስክሪንም ላይ መስመር አድርጎ ያሳየናል። የምንፈልገው፣ አንድ ቀን የፀሐይን ጉልበት እንዲህ ባለ ሞለኪውል ይዞ ማቆየት ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ የአምፖል ሳይሆን የእውነተኛ ፀሐይ ብርሃን እንዲያገኝ ከጣራው መስኮት ሥር ይቀመጣል።

ከመስኮቱ በላይ፣ በብረት መሰላል በሚወጣበት ጣራ ላይ ደግሞ ታላቅ እህቴ ትሠራለች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እርስዎ በስብሰባ ላይ «የጣራዋ ሴትዮ» ይሏታል። የነፋስ ኃይል ተመራማሪ ናት። ሌላው ተመራማሪ ኃይለኛ ነፋስ ያለበትን ተራራ ሲያስስ፣ እሷ የምታስበው ነፋሳቸው ልፍስፍስ ስለሆነባቸው ሰፈሮች ነው፤ ቅጠል እንኳ በቅጡ የማያንቀሳቅስ ነፋስ የሚያዞረው ክንፍ ለመሥራት ስትደክም ኖራ፣ ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይኗን በገዛ እጇ ምሰሶ ላይ አቁማለች። ከሦስቱ ክንፎች የአንደኛው ጫፍ በበረዶ ተመትቶ ስለተሰበረ፣ ቆርጣ አስተካክላ፣ ሚዛኑ እንዳይዛባም ሥሩ ላይ ብረት አስራበታለች። በዚህ ምክንያት ያ ክንፍ ከሁለቱ ያጥራል። ይህን አጭር ክንፍ አንባቢ እንዳይረሳብኝ አደራ እላለሁ፤ እኔ ረስቼው ነው እዚህ የደረስኩት።

ባለፈው የነፋስ ወቅት መግቢያ ላይ፣ ከፀሐይ የሚመጣውን ብርሃን የሚለካው ሴንሰራችን መስመሩ ይንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ይህ ሴንሰር ምስክር ማለት ነው፤ ጠርሙሱ የሚያገኘውን ብርሃን እሱም ስለሚያገኝ፣ ሞለኪውሉ አንድ እንግዳ ነገር ቢያሳይ ከብርሃኑ ይሁን ከራሱ የሚነግረን እሱ ነው። ጣራ ላይ ወጥቼ ሳይ፣ በጠዋቷ ፀሐይ የእትዬ ክንፎች ጥላ በሴንሰሩ ላይ እየተመላለሰ ኖሯል። እኔም ቁጥሬን አበላሸችብኝ ብዬ እያጉረመረምኩ፣ ሴንሰሩን ነቅዬ ጥላ ወደማይደርስበት ጥግ ወስጄ ተከልኩት። የሴንሰሩ መስመር ቀጥ አለ። መስኮቱ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እግር የለውምና እዚያው ጥላው ሥር ቀረ። ምስክሩን ከችሎት አስወጥቼ ስመለስ፣ ሞለኪውሉ ብቻውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል አገኘሁት፤ በደስታም ወንበር ገለበጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእርስዎ ውለታ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስሙ አመሰግናለሁ። እኔ በሪፖርቴ «መዋዠቅ» ብዬ የጻፍኩትን ደረቅ ቃል እርስዎ በአንድ የብዕር ጭረት ሰርዘው «ትንፋሽ» አሉት፤ ሞለኪውላችንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፍስ ዘራ፣ በዓለም አቀፍ መጽሔትም ታተመ። ጠዋት ጠዋት ብቻ መተንፈሱን ሳስታውስዎ፣ ከሰዓት በኋላ ይደክመው ይሆናል አሉኝ፤ እኔም የሠራተኞቻችንን ልማድ አስቤ አመንኩ። ነፋስ በሌለበት ቀን ጸጥ ማለቱን «የእረፍት ጊዜ» አልነው። ነፋስ በበረታበት ቀን ትንፋሹ መፍጠኑን፣ ነፋስ ክፍሉን ስለሚያቀዘቅዘው ነው፣ ቅዝቃዜ ያነቃዋል ብዬ የተረጎምኩት እኔው ነኝ። በየሦስት ትንፋሹ አንዷ ከሌሎቹ ሳሳ ማለቷን ደግሞ «የሦስተኛዋ ትንፋሽ ምስጢር» ብለን ሙሉ ከሰዓት የፈጀ ጉባኤ ጠራንበት፤ አንድ የተከበሩ እንግዳም ምስጢሩ የተፈጥሮን ጥልቅ ስምምነት ያመለክታል ብለው ሲናገሩ እኔ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። አንድ አላዋቂ ቢሳሳት እንዲህ አያምርበትም፤ እንዲህ አሳምሮ ለመሳሳት ብዙ መማር ያስፈልጋል።

እናታችንም በዚህ ስም ተጠቃሚ ሆናለች። ካርቦን ከከሰል ዘር መሆኑን አንድ ጊዜ በምሳሌ ካስረዳኋት ወዲህ፣ ለጎረቤት ሁሉ «ከሰል ያስተነፈሰ ልጄ» እያለች ታስተዋውቀኛለች። ስለ እትዬ ሲጠይቋት ደግሞ፣ «እሷማ ጣራ ላይ ወጥታ ነፋስ ትጠብቃለች» ትላለች። እናታችን የምትኖረው እትዬ ቤት ነው፤ መድኃኒቷን የምትሰጣት እትዬ ናት፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ይህ ንግግር የሚደረገው እሷ ሻይ ስታቀርብ ነው። እኔ ታዲያ በየሳምንቱ መጨረሻ እየሄድኩ ሻዩን እጠጣለሁ፣ ንግግሩንም እሰማለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምሰሶው የተሰጠውን ፈጣን ውሳኔ አመሰግናለሁ። ተቋማችን የተሰበረ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ለመቀየር ስንት ፊርማ እንደሚጠይቅ የምናውቅ ሁሉ፣ የእህቴ ተርባይን እንዲነቀል፣ በምሰሶው መሠረት ላይም የሞለኪውሉ ቅርጽ በብረት ተሠርቶ እንዲቆም የተላለፈው ትእዛዝ የፈጠነበትን ፍጥነት አድንቀናል። በዚህ ረገድ ግን ምስጋናውን ብቻዎን እንዲሸከሙት አልፈቅድም። የተርባይኑ ንዝረት መሣሪያዬን ይረብሻልና ይነሳልኝ የሚለውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ጥፋት መስሎ አልተሰማኝም፤ እትዬ ሌላ ጣራ ታገኛለች፣ ነፋስ የትም አይጠፋም ብዬ ነበር። የክንፎቿን ሙከራ ለመጨረስ የሚቀራት ይህ የሚመጣው የነፋስ ወቅት ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከዚህ ጣራ ከወረደች ልኬቱ ስለሚቋረጥ እስካሁን የለፋችበት ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ እንደሚቀር፣ እሷም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደምትዛወር ግን አልጠየቅሁም። አለመጠየቅ ደግሞ ሳያውቁ ከመቅረት ይለያል፤ ይህን አሁን ነው የተረዳሁት።

ሦስተኛ፤ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል።

ውሳኔው በወጣ ማግሥት እትዬ ከመሰላሉ ወርዳ ቤተ ሙከራዬ ገባች። በአንድ ሕንጻ ስንሠራ ኖረን ስክሪኔ ፊት ቆማ አታውቅም ነበር፤ እሷ ከቤት ቋጥራ የምታመጣውን ምሳ የምንበላው እሷ ጋ፣ ጣራ ላይ ነው። «እስቲ ከቤቴ የሚያስወጣኝን ነገር ልየው» አለች እየሳቀች። እኔም አሳየኋት። ከፍ ዝቅ የሚለውን መስመር ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ በጣቷ ጠረጴዛውን መታ፣ መታ፣ ቀስ ብላ መታ ታደርግ ጀመር። ለሦስተኛው ስትደርስ ሁልጊዜ ቀስ ትላለች። «አንተ፣ ይሄ እኮ የኔው ነው» አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም ብል ዋሸሁ ማለት ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ገና ጣቷን ሳይ ሆዴ አውቆታል። «ወጥቼ ፍሬን ልያዝና አንተ እዚህ ሆነህ እየው» ብላ ወጣች።

ከዚያ የሆነውን እንደ አንድ የሳይንስ ሙከራ ባቀርበው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እንደዚያ ሆኖ አልተሰማኝም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስክሪኑን አያለሁ፤ እሷ ከላይ «ቆመ?» ትለኛለች። ቆሟል፤ መስመሩ እንደ ገመድ ቀጥ ብሏል። «አሁንስ?» ትለኛለች፤ ፍሬኑን ስትለቀው ትንፋሹ ይጀምራል። ይዛ ለቀቀችው፣ ይዛ ለቀቀችው፤ ሞለኪውላችንም በእህቴ እጅ ይሞታል፣ በእህቴ እጅ ይነሳል። በዓለም ሁሉ የተጻፈለት ትንፋሽ የክንፎቿ ጥላ ነበር፤ የሦስተኛዋ ትንፋሽ ጥልቅ ምስጢርም በበረዶ የተሰበረ ጫፍ ነበር። እንድትስቅብኝ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ብትስቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን በስልኩ፣ «በል ና፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ። ስንበላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ራስህ ተናገር። እኔ ብናገር ቀናች ይሉኛል፤ አንተ ብትናገር ግን ታረመ ይሉሃል።»

እኔም ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ይህን አይክዱኝም። እርስዎም ሻይ አዘዙልኝ፣ ስኳር በእጅዎ ጨመሩልኝ፣ እስክጨርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጡኝ አደመጡኝ፤ አለቃ እንዲህ ሲያደምጥ ማየት ለእኔ ብርቅ ነበር። በመጨረሻም በሕይወቴ የማልረሳውን ምክር ሰጡኝ፤ «ሳይንስ ራሱን በራሱ ያርማል፤ እኛን ምን አጣደፈን?» አሉኝ። እንግዶች መጠራታቸውን፣ የብረቱ ቅርጽ ተሠርቶ ማለቁን፣ ስህተት ቢኖር እንኳ ከምረቃው በኋላ በሰላም ጊዜ ሊታይ እንደሚችል፣ እውነትና ንጋት እያደር እንደሚጠራ አስረዱኝ። ተረቱን ለማዘግየት ሲጠቀሙበት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና ተደንቄ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ከመደነቄ ይልቅ እፎይታዬ በለጠ፤ ተናገር ተባልኩ፣ ተናገርኩ፣ ከእንግዲህ የእርስዎ ዕዳ ነው ብዬ ደረጃውን እያፏጨሁ ነው የወጣሁት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

አራተኛ፤ በስብሰባው ላይ ስለሰጡኝ የመናገር ዕድል አመሰግናለሁ። እትዬ ተነስታ፣ ምሰሶው እስከ ነፋሱ ወቅት ማብቂያ ብቻ ይቆይልኝ ብላ በትሕትና ስትለምን፣ ስለ ጥላው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር አፏ ውስጥ ይዛ፣ ለእኔ ስትል ስለ ልኬትና ስለ ወቅት ብቻ ተናገረች። እርስዎም፣ «ነፋስ እንደሆነ በደጅ ሞልቷል» ብለው ቤቱን አሳቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እስቲ ወንድም ይንገራት፤ ምሰሶው ሥራህን ያውካል ወይስ አያውክም?» አሉኝ።

«ያውካል» አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ስብሰባ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ይህ እጅግ እውነተኛው እንደነበር ያውቃሉ፤ ከማወክም አልፎ ሥራዬን የሠራው እሱ ነው። እኔም ይህን እያሰብኩ፣ እንግዲህ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ሳይናገሩ መዋሸት እንዴት እንደሚቻል ከእርስዎ ዘንድ የተማርኩት ትምህርት በዚያች ቅጽበት ፍሬ አፈራ። እትዬ ወደ እኔ አልዞረችም። ወረቀቶቿን አስተካክላ ቁጭ አለች፤ አንገቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አየሁ፤ ልጆች ሳለን እኔ በወረወርኩት ድንጋይ የመጣች ናት፣ ያኔም ወድቄ ነው ብላ ለእናታችን የተናገረችው እሷ ናት። ከስብሰባው ስመለስ እትዬ የምትቋጥርልኝ የምሳ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እንደ ወትሮው ክዳኑ በጨርቅ ተቋጥሯል። በላሁት እንዳልል አልበላሁትም፤ አልበላሁትም እንዳልል፣ ባዶውን ካልመለስኩ ታመመ ብላ ትጨነቃለች ብዬ ለዘበኛው ገልብጬ ሰጠሁት። ሰው በአንድ የምሳ ዕቃ እንኳ መዋሸት ይችላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። አፍሬአለሁ፤ ይህን በሌላ የተሻለ ቃል ልገልጸው ሞክሬ አልቻልኩም። ሰው ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል፤ እኔ ግን እንኳን አሁን፣ ከመሰላሉ አጋማሽም ቢሆን ልመለስ።

አምስተኛ፤ ይህ ምስጋና ሳይሆን ለክቡርነትዎ የሚበጅ አስተያየት ነው። ብየዳ ሠራተኛው በምረቃው ዋዜማ መጥቶ ምሰሶውን እንዲያወርድ አዝዘዋል። በምረቃው ጠዋት ደግሞ የተከበሩ እንግዶች ሞለኪውሉ ሲተነፍስ በትልቅ ስክሪን በቀጥታ እንዲመለከቱ በመርሐ ግብሩ ላይ አስፍረዋል። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ እጅ መፈረማቸው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን አስታወሰኝ። ምሰሶው ከወረደ ሞለኪውሉ በእንግዶችዎ ፊት ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ መቼም ለብረት ሐውልት ምረቃ የተጠራ ሰው ለቅሶ መድረስ አያምርበትም። ትንፋሹ እንዲታይ ከፈለጉ ግን ተርባይኑ መዞር አለበት፤ ተርባይኑ ከቆየ እህቴ ትቆያለች፤ እህቴ ከቆየች ደግሞ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ የሚዞረውን ክንፍና የሚተነፍሰውን ስክሪን አስተያይቶ ያያል። በዚያ ላይ ጠዋቱ ነፋስ አልባ ቢሆን፣ ክቡራን እንግዶች ተሰልፈው እፍ እንዲሉ በትሕትና መጠየቅ ሊኖርብዎት ነው። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ እኔ በበኩሌ የሁለቱንም መጨረሻ ለማየት ወንበር ይዣለሁ።

እስከዚያው ሥራ እንዳልፈታ ብዬ ጥቂት ነገር ከውኛለሁ። ሴንሰሩን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሼዋለሁ፤ አሁን ሁለቱም መስመሮች አብረው ይንቀጠቀጣሉ፣ ተፈጥሮም በጥልቅ ስምምነት ላይ ትገኛለች። ግኝቱን ላሳተመልን መጽሔት፣ ግኝቱ ጥላ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ገልጬ የእርማት ጽሑፍ ልኬያለሁ፤ ሳይንስ ራሱን በራሱ ያርማል ቢሉኝም ፖስታ ቤት ድረስ በእግሩ መሄድ የሚችል አልመሰለኝም። የተርባይኑን መነሳት የጠየቅሁበትን ማመልከቻ ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። በመሠረቱ ላይ የሚቆመውን የብረት ኳስ በተመለከተ፣ ብረቱ ጥሩ ብረት ነው ይባላልና፣ እትዬ ፈቃዷ ከሆነ ለአጭሩ ክንፍ ሚዛን ማስተካከያ ይውላል የሚል ሐሳብ አለኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ብቻዎን እንደበደሉ አድርጌ እንዳልተውዎት ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ሻይ አዘዙ፤ የጠጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ጠየቁ፤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ጥፋትዎን ልዘረዝር ነበር፤ እያንዳንዱን ስጽፍ ግን ከጎኑ የእኔ እጅ ተቀምጦ እያገኘሁት፣ ብዕሬ እንዳሰብኩት አልሾለልኝም። ስለዚህ ቅጣት ካለ ለሁለት እንካፈል፤ የበላዩ ድርሻ በማዕረግ ለእርስዎ ይገባል።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ፣ ጥላዎም በማንም መስኮት ላይ አይረፍ እያልኩ፣ ከዝቅታዬ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ወደ ጫማው እያየ ፎቶ የተነሳው፣
የጥላ ትንፋሽ የለካው፣
የጣራዋ ሴትዮ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
— ለዋናው በር ሰሌዳ
— ለምረቃው ለተጠሩ እንግዶች ሁሉ፣ ከመጥሪያው ጋር ተያይዞ
— ለብየዳ ሠራተኛው፣ መሰላሉን ከማምጣቱ በፊት እንዲያነበው
— ለታላቅ እህቴ፣ በምሳ ዕቃው ውስጥ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእናታችን አነበብኩላት፤ ከጎረቤት ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። እትዬ ሥራ ላይ ነበረች። እናታችን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ስለ ሞለኪውሉም፣ ስለ ስሜም፣ ስለ ጎረቤትም ምንም አልጠየቀችኝም። «እህትህ ይሄን ስታውቅ ከረመች ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ወደ ወጥ ቤቱ፣ የምሳ ዕቃዬ ታጥቦ ወደተደፋበት ጠረጴዛ ዞር ብላ አየች፤ «እያወቀች ነው ጠዋት ጠዋት ተነስታ ምሳህን ስትቋጥር የነበረው?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ያለ መልስ እንዳይቀር፣ ጥያቄዎችን ሳያቋርጡ በማድመጥ የታወቁ ነዎትና፣ ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።